ብረትን ሰላም የሚለው ጋሽ ደምሴ

የጋሽ ደምሴን ሞት የሰማሁት ማንም ስሙን ሳይጠራልኝ ነው። ሱዳን ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ ጎረቤቴ ጎንደር በተመለሰ በሦስተኛው ቀን እንኳን ደህና ገባህ ልለው ሄድኩ። ስለ ሙቀቱና ስለ ትንኙ ስናወራ ቆይተን በመሀል፣ መፋዛ በምትባል የሱዳን ከተማ አንድ ሽማግሌ ሐበሻ ቀብረው መምጣታቸውን አነሣ። ወንዝ ዳር የአንድ ባለ እርሻ የውሃ ሞተር ጠባቂ ነበር፤ ወባ ነው የጣለው። ደግ ሰው ነበር፣ ግን አንድ አመል ነበረችው አለ። ሞተሩን ከመንካቱ በፊት መዳፉን ዘርግቶ ብረት ላይ ያሳርፍና እንደ ሰው ሰላም ይለዋል። ጎረቤቴ ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር። እኔ ስሙን አልጠየቅሁትም፤ ተሰናብቼው ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጋሽ ደምሴን እያሰቡ ሳይስቁ መዋል አይቻልም።

የተዋወቅነው በደርግ ጊዜ ገዳሪፍ ላይ ነው። እኔ ከአፈሳ ሸሽቼ በመተማ ገላባት የተሻገርኩ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ስለ እኔ ይህ ይበቃል። ከከተማው ዳር አንድ ሐጅ ሰፊ ዘሪባ ነበራቸው፤ በአጥር የተከለለ ግቢ ማለት ነው። በአንድ ወገን የሰሊጥና የማሽላ ጆንያ ይከመርበታል፤ በሌላው ወገን የትራክተርና የሎሪ ነዳጅ በበርሜል ይቀመጥበታል። እኔ ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። የበርሜሉ ወገን ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ነበር። ቀጭን፣ ጠይም፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ሲራመድ መሬቱን እንዳያስቀይም የሚጠነቀቅ የሚመስል ሰው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በርሜል አብሬው እንድከፍት ጠራኝና እጄን ስሰድ ክንዴን ያዘኝ።

«ቆይ እንጂ፤ ሳትተዋወቁ?»

ከበርሜሎቹ አጠገብ መሬት ውስጥ የተተከለ አንድ የብረት ዘንግ ነበር። መዳፌን ወስዶ ዘንጉ ላይ አስቀመጠው። መጀመሪያ ብረቱን ሰላም በለው አለኝ፤ ሰላም ያላልከው ብረት ይቆጣል። እኔም አፌን ከፍቼ አየሁት። ያበደ ሰው ጋር እንደመደቡኝ ነው የገባኝ። ደረቅ አየር ላይ ሰው ገላና ልብስ ውስጥ እሳት እንደሚያድር፣ ያቺ የማትታይ ብልጭታ መሬት ውስጥ ካልወረደች ነዳጅ ልታቀጣጥል እንደምትችል የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እሱ ማስረዳት አይወድም፤ ሰላም በለው ይላል፣ አለቀ።

ሱዳኖቹ ሠራተኞች በዚህ ፍርፍር ብለው ይስቁ ነበር። ጠዋት ሲገቡ እየተሰለፉ ዘንጉን ይነኩና «ሰላም አለይኩም፣ ያ በርሚል» ይላሉ፤ በርሜል ሆይ ማለታቸው ነው። ሐጁ ራሳቸው፣ ደምሴ መጅኑን ነው፣ ግን እንደሱ ያለ እብድ አምስት ባገኝ ይሉ ነበር። የእኛዎቹ ግን አልሳቁም። ከጎንደር ቆላ ለእርሻና ለአጨዳ የሚወርዱት ገበሬዎች አንድ ሰው ዘንግ ፊት ቆሞ፣ ዐይኑን ሰበር አድርጎ፣ መዳፉን ሲያሳርፍ ሲያዩ ሌላ ነገር ነው የታያቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሳለም ሰው። ወሬው ዞረ። ዘሪባው ውስጥ ከገዳም የወጣ መነኩሴ ተደብቆ አለ ተባለ። አንዳንዱ ጆንያ ሊያራግፍ ሲገባ ዘንጉን በግንባሩ ተሳልሞ ያልፍ ጀመር። አንድ ቀን ጭራሽ ትኩሳት ያንቀጠቀጠውን ጓደኛቸውን አዝለው አምጥተው ድገምበት አሉት። ጋሽ ደምሴ በሽተኛውን ጥላ ሥር አስተኛው፣ ውሃ አጠጣው፣ ከዚያ በሐጁ ሎሪ ወደ ሐኪም ቤት ላከው። ሰውየው ዳነ። ከዚያ ወዲያ መነኩሴ አይደለሁም ቢል ማን ይስማው?

እውነቱ ሌላ ነበር። ጋሽ ደምሴ የባሕር ኃይል ሰው ነበር፤ ያውም ለዘጠኝ ዓመት ጥይት በምትጭን መርከብ ላይ ያገለገለ። ይህን በገዳሪፍ የሚያውቅ አልነበረም። እንዳይናገር የሚከለክለው ነገር ሞልቷል። በዙሪያችን ያለው ስደተኛ ሁሉ ከደርግ የሸሸ ነው፤ ግማሹ ወንድሙን፣ ግማሹ ቤቱን አጥቶ የመጣ። እዚያ መሀል ቆሞ የደርግን ጥይት ሳመላልስ ነበር ማለት ቀላል አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እትዬ ለተብርሃን ነበረች።

ለተብርሃን ከዘሪባው አንደኛው ማዕዘን ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ የምትጠቅም የምጽዋ ሴት ናት። ጣቷን የሚያክል የጆንያ መርፌ ይዛ፣ ሲባጎዋን በጥርሷ እየቆረጠች፣ አማርኛዋን ከትግርኛ እየቀላቀለች ቀኑን ሙሉ ታወራለች። ጎጆዋ ከጋሽ ደምሴ ጎጆ ጋር አጥር ይጋራል። «ሓወይ» ትለዋለች፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። ጋሽ ደምሴ ቤቷ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው የላምባ ጠርሙሷን ካለበት አንሥቶ ክብሪቷ ከተቀመጠበት ማራቅ ነው። «እነዚህ ሁለቱ አይጋቡም» ይላታል። እሷም ሌላው ሰው ሽማግሌ ሆኖ ያጋባል፣ የኔ ጎረቤት ዞሮ ዞሮ ማፋታት ነው ሥራው እያለች ትስቅበታለች። ወጥቶ ሲሄድ ግን ጠርሙሱን ወደ ቦታው አትመልሰውም ነበር።

ባሏ የሞተው ምጽዋ ላይ፣ ቤታቸው ደጃፍ፣ ከባሕር በተተኮሰ መድፍ ነው። ሟቹን ስታነሣ ማን ገደለው አትልም፤ «ከባሕር የመጣው» ትላለች፣ በቃ። አንዴ ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰማ የያዘውን ኩባያ አስቀምጦ ተነሥቶ ሄደ። ያኔ የልብሱ ኪስ ውስጥ እሳት የረሳ መስሎት ነው ብዬ ቀልጄ ነበር። መቀለድ ያን ጊዜ በሽታዬ ነበር።

ስለ መርከቧ ያጫወተኝ ኋላ ነው፤ ሁሉ ነገር ከወጣ በኋላ። አሰብ ላይ ጭነው ምጽዋ ሲደርሱ ወደቡ እየተተኮሰበት ነው። ወደ ደጋው የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ጥይቱ ሁሉ በባሕር ይመጣል። የእነሱ መርከብ ከሌሎቹ ርቃ ለብቻዋ እንድትቆም ትታዘዛለች። ከሌላ መርከብ የሚያውቃቸው ሰው እንኳን በጀልባ ሲያልፍ እጁን አያነሣላቸውም፤ ቶሎ ማለፍ ነው። ከማለዳ እስከ ማታ ወለሉ ላይ የባሕር ውሃ ይረጫል፣ በዚያ ፀሐይ ብረቱ እንዳይግል። ጭነት ሲራገፍ ማድ ቤቱ እሳቱን ያጠፋል፤ ደረቅ ብስኩትና የቆርቆሮ ዓሣ በሞቀ ውሃ ይበላሉ። ሲጋራና ክብሪት እየተፈተሸ በአንድ ሣጥን ይቆለፋል። ሚስማር ያለው ጫማ የለም። መሮጥ የለም።

«ሌላ መርከብ ላይ አደጋ ሲመጣ ደወል ይደወላል» አለኝ። «እኛ ዘንድ ደወሉን የሚሰማ አይተርፍም። ስለዚህ ሁሉን ነገር አስቀድመን እንፈራው ነበር፤ ሥራችን እሱ ነው።»

አንድ ቀን ከገመዱ ያመለጠ የመድፍ ጥይት ሣጥን ወደ መርከቧ ሆድ ወደቀ። እሱ አንድ እግሩን አንሥቶ ሊራመድ ነበር፤ እግሩ አየር ላይ ቀረ። ማንም አልሮጠም፤ ወዴት ይሮጣል? ሣጥኑ ዝም አለ። ገመዱን የያዘው መርከበኛ መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁን ማቆም አቃተውና በጀልባ ወደ የብስ ወሰዱት። እኛ ዘሪባ ውስጥ ጆንያ ከትከሻችን ላይ ሲወድቅ ጋሽ ደምሴ ለምን ዐይኑን ጨፍኖ እንደሚቆም ያን ጊዜ ገባኝ። ስንቱን ጆንያ እሱን ለማስደንገጥ ብዬ እንደጣልኩ ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ። እናቱን ሊቀብር ፈቃድ ተሰጥቶት ጎንደር መጣ፤ ከቀብሯ በኋላ ወደ መርከቧ አልተመለሰም፣ መተማን ተሻገረ። ፈሪ ስለሆንኩ ነው ይለኝ ነበር። ደርግ ወድቆ እኔ ወደ ጎንደር ስገባ፣ ለተብርሃንም ወደ ምጽዋ ስትመለስ፣ እሱ ወደ መፋዛ ወንዝ ዳር ሄደ። ባሕር ዳግመኛ ማየት አልፈለገም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ እርሻው ሊጀመር፣ ሐጁ ከሌላው ጊዜ የበዛ ነዳጅ አስመጡ። እስከዚያ የነበረው አብዛኛው ጃዝ ነው፤ የትራክተሩ ናፍጣ። አሁን የመጣው ቤንዚን ነበር፣ ለውሃ ሞተሮች። ጋሽ ደምሴ ቤንዚኑን ሲያይ ሌላ ሰው ሆነ። አሸዋ በባልዲ ደረደረ፣ ሲጋራ የሚያጨሱትን ከአጥር ውጭ አባረረ። ይህም አልበቃውም፤ ለተብርሃን ዘንድ ሄዶ ቀይ ጨርቅ ለመናት። ለተብርሃን አልጠየቀችውም። መርፌዋን ይዛ ትንሽ አየችውና ካረጀ ቀሚሷ ክንድ የሚያህል ቀድዳ፣ ጠርዙን ቀምቅማ ሰጠችው። እሱም ረጅም እንጨት ላይ አስሮ ግቢው በር ላይ ተከለው። ቤንዚን ሲቀዳ ጨርቁ ይወጣል፤ ቅጂው ሲያልቅ ይወርዳል። ቀዩ ካለ እሳት ይዞ የሚጠጋ እንዳይኖር፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ ምላሴን በቆረጠው። ምሳ ሰዓት ላይ ለእርሻው የወረዱት የእኛዎቹ ተሰብስበው ፉል ሲበሉ፣ ጋሽ ደምሴ ዛሬ አብዮቱን አከበረ፣ ቀይ ባንዲራ ሰቀለ አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ ጥሩ ቀልድ የተናገርኩ መስሎኝ።

በሦስተኛው ቀን ቀልዴ ዞሮ ሲመጣብኝ ቀልድ አልነበረም። ሰውየው የደርግ ካድሬ ነው፤ መነኩሴ መስሎ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ጨርቁን የሚያወጣውና የሚያወርደው ከገላባት ማዶ ለሚመጡ ሰዎች ምልክት ሊሰጥ ነው። ትናንት ዘንጉን በግንባራቸው ይሳለሙ የነበሩት ዛሬ በሌላ በር ይገባሉ። ያን ጊዜ ሰላይ መባል እንዴት ያለ ነገር እንደነበር ያላየ አያውቀውም። ከጫካ የሚመጡት፣ ደርግን የሚወጉት ባለ ጠመንጃዎች ጠርተው የወሰዱት ሰው ነበር፤ አልተመለሰም። እነሱ ቢተዉትም የሱዳን ጸጥታ ሰዎች ይይዙትና በገላባት በኩል አሳልፈው ይሰጡታል። ከጦር የከዳ ሰው ማዶ ምን እንደሚጠብቀው እኔ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ እሱ ግን ያውቃል።

ዓርብ ቀን፣ ዘሪባው ሥራ በሌለው ዕለት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። የስደተኛውን ነገር የሚያዩት አባ ጌጡ የሚባሉ የበለሳ ሽማግሌ ነበሩ። ከኋላ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከየት እንደመጡ ሁሉም ገብቶታል። ለተብርሃን እንደ ልማዷ ማዕዘኗ ላይ ጆንያ ትጠቅማለች። ጋሽ ደምሴ መሀል ላይ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

አባ ጌጡ ጨርቁ ምንድን ነው አሉት። ለእሳት ነው አለ። ለእሳት ቀይ ጨርቅ መስቀልን ማን አስተማረህ፣ የት ነው የተማርከው አሉት።

የእጁን መዳፍ ገልብጦ አየ።

ደግመው ጠየቁት። ወደ ለተብርሃን አንዴ አየና አንገቱን ደፋ። እኔ ያን ጊዜ ምንም አላወቅሁም፤ ኋላ ነው የገባኝ። መልሱ አፉ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያንን ቢናገር ሰላይ አለመሆኑን ያስረዳል። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ባሏ ከባሕር በመጣ መድፍ የሞተባት ሴት ፊት መናገር አለበት። አምስት ዓመት ሓወይ ብላ የጠራችው ሴት ፊት።

እኔ ተነሣሁ። ቀልዱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ባንዲራ ያልኩት፣ ሰውየው ምንም አላደረገም አልኩ። አባ ጌጡ ተቀመጥ አሉኝ። «ያንተን ቀልድ ሰምተናል፤ ከእሱ ነው መልስ የምንፈልግ።»

«ተዉት፣ አባ ጌጡ» አለ ጋሽ ደምሴ። «ሠፈሩን ለቅቄ እሄዳለሁ።»

ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ያለ መልስ የሚሄድ ሰው የት ድረስ እንደሚሄድ ማንም አልጠፋውም።

ያኔ ለተብርሃን መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካችና ተነሣች።

«ባንዲራ አይደለም» አለች። «እኔ ወደብ ላይ ያደግሁ ነኝ። ጥይት የጫነች መርከብ ቀይ ጨርቅ ሰቅላ ከሌሎቹ ርቃ ትቆማለች። ዓሣ አጥማጁ ያውቃታል፣ የምጽዋ ሕፃን ሁሉ ያውቃታል። ይህ ሰው የዚያች መርከብ ሰው ነው። ሰላይ አይደለም።»

ጋሽ ደምሴ ቀና አላለም። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ እንግዲያው ባልሽን የገደለውን ጥይት ያመጣው እሱ ነው አላት።

«ይሆናል» አለች። «እሱ የእኔ ነገር ነው፣ ለእኔ ተዉልኝ። የደርግ ሰላይ ቢሆን ግን ከምጽዋ ሴት ቀይ ጨርቅ ለምኖ ያሰፋ ነበር?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አባ ጌጡ ጢማቸውን እያሻሹ ለዚህ ሰው ዋስ የሚሆን ማን አለ ብለው ጠየቁ። እኔ እጄን ሳነሣ፣ አንተ ለራስህም ዋስ ያስፈልግሃል አሉኝ። ለተብርሃን፣ እኔ አለሁ አለች። ከኋላ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ተያዩ፤ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና በበሩ ወጡ። ጉባኤው ተበተነ።

ሦስታችን ቀረን። እኔ ይቅርታ ልጠይቀው ቆሜ ነበር፤ ግን ጋሽ ደምሴ እኔን ማየቱን እንጃ። ከተቀመጠበት አልተነሣም። ለተብርሃን ወደ ማዕዘኗ ተመልሳ ጆንያዋን ጭኗ ላይ ዘርግታለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት።

«ብረት ስትነካ ሳይህ ጠረጠርኩ። ወደቡ ላይ ጭነት የሚያራግፉት እንዲያ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ጨርቁን ስትለምነኝ ግን አወቅሁ።»

«አውቀሽ ነው የቀመቀምሽልኝ?»

«አውቄ።»

«ባልሽን…» ብሎ ጀመረ። ለተብርሃን ሲባጎዋን ስታስገባ መርፌዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ነበር፤ ያን ጊዜ አወረደችው።

«ስማኝ፣ ሓወይ። እሱ ከሞተ በኋላ በየማለዳው ባሕሩ ዳር ወጥቼ ያቺን መርከብ አያት ነበር። ከነሰዎቿ ትንደድ፣ አንድም አይትረፍ እያልኩ ወድቄ ተነሥቼ ለመንኩ። አንተ ውስጧ ነበርክ ማለት ነው። እግዜር አንድም ቀን አልሰማኝም። ያን ጊዜ ተቀይሜው፣ ቤተ ክርስቲያኑ መሄድ ትቼ ነበር።»

ሲባጎውን በጥርሷ ቆረጠች።

«አሁን ታርቀናል» አለችና ጆንያዋን መስፋት ቀጠለች።